የሰፈር ልጆች ሰፈራቸውን በራሳቸው እንዲያለሙ፦ ከደብተሩ እስከ ቦዩ

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ለአንድ ግቢ ሙሉ ሰው አንድ ሽንት ቤት። እንዲህ ያለ ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ወጣቱን ላብቃ ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሻይና ቦንቦሊኖ ይቀርባል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሁሌ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተመልሰው ይገኛሉ። ሽንት ቤቱም እንደሞላ ነው።

ሥልጠና ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን ልጆች ሲለወጡ ያየሁት ሦስት ነገር እጃቸው ሲገባ ነው። ደብተር፣ ቁልፍና ገንዘብ። ደብተሩ ስለ ሰፈሩ ራሳቸው የሰበሰቡት መረጃ ነው። ቁልፉ የጋራ ንብረት ኃላፊነት ነው። ገንዘቡ ደግሞ፣ ሦስት ሺህ ብርም ትሁን፣ እነሱ ወስነው የሚያወጡት መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉ ራሱ ቁም ነገር አለው። ገንዘቡ ቀድሞ የመጣባቸው ቡድኖች ሲፈርሱ አይቻለሁ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በቀበሌ ቤት፣ በጨረቃ ቤት ወይም ሰነድ አልባ በሆነ ይዞታ ላይ ለሚኖሩ የሰፈር ልጆች ነው። የዕድር ሰዎችና ሰፈሩን ለመርዳት የምትፈልጉ ሁሉም አንብቡት። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ነው፤ አዳማም ሐዋሳም ባሕር ዳርም ብትሆኑ ብዙው ይሠራል።

1. ሰፈሩን አጥብቡት

የመጀመሪያው ስህተት ትልቅ መጀመር ነው። "የወረዳችን ወጣቶች" ብላችሁ ከተነሳችሁ ስብሰባ እንጂ ሥራ አይኖርም። የሚሠራው መጠን ሰዎች ተጠራርተው የሚተዋወቁበት ነው። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ፣ በአንድ መተላለፊያ የሚወጡ፣ አንድ ቦኖ ውሃ የሚቀዱ ከ20 እስከ 40 ቤት።

ይህን በደንብ ያሳዩት የካራቺ ሰዎች ናቸው። ኦራንጊ በፓኪስታኗ ከተማ በካራቺ ውስጥ ያለ በጣም ሰፊ ሰፈር ነው፤ ሰው ያለ ፈቃድ የሠራው፣ ፍሳሽ በየደጁ የሚሄድበት። በ1980 እ.ኤ.አ. አክታር ሐሚድ ኻን የሚባሉ ሰው እዚያ ገብተው የሥራውን መነሻ ከተማውንም ቀበሌውንም ሳይሆን መተላለፊያዋን አደረጉ። በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ተሰብስበው ተጠሪ ይመርጣሉ፣ ያዋጣሉ፣ የፍሳሽ ቱቧቸውን ራሳቸው ይቀብራሉ። ባለሙያዎቹ የሚሰጡት ልኬት፣ ንድፍና መሣሪያ ነው። ተቋራጭ በመሀል ስላልገባ ወጪው በጣም ወረደ፤ በየመተላለፊያው እየተባለ ብዙ አሥር ሺህ ቤቶች ቱቦ አገኙ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወጥታችሁ የእናንተን ወሰን በእግራችሁ ዙሩት። ከየት እስከ የት ነው? ዝናብ ሲዘንብ የማን ደጅ ውሃ ወደ ማን ደጅ ይሄዳል? መልሱ ወሰናችሁን ይነግራችኋል።

2. ማን ይግባ?

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ልጆች ይበቃሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ እናንተም በዚያ መሄድ ትችላላችሁ። ነገር ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እየተከተለ ካስቸገራችሁ አታባርሩት። ነገ ደብተሩን የሚረከበው እሱ ነው።

ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ይህን ለይስሙላ አልልም። የውሃውን ወረፋ የምታውቀው እሷ ናት። ሽንት ቤቱ ማታ ለምን እንደማይገባበት የምታውቀው እሷ ናት፤ የትኛው ጥግ ላይ መብራት እንደሌለና ማን እዚያ እንደሚቆም የምትነግራችሁም እሷ ናት። ሴቶች አልመጡም ካላችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ስብሰባ ጠርታችሁ እራት የምትሠራ ልጅ አልመጣችም ማለት አይቻልም። እሁድ ከሰዓት፣ ቡና በሚፈላበት ግቢ አድርጉት። እናቶችም ስለሚሰሙ ልጆቻቸውን ለመላክ አይፈሩም።

ሌላው፣ ድድ ማስጫው ላይ የሚውሉትን ልጆች አትዝለሉ። ጫት ይቅማሉ፣ ይረብሻሉ ተብለው ይታለፋሉ። እነሱ ግን ሰፈሩን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱን ብቻ ጥሩ፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው ይከተላሉ።

አበል በመጀመሪያው ቀን አይነሳ። ከተነሳ የሚመጣው ለአበሉ ነው፣ የሚቀረውም አበሉ ሲቀር ነው።

3. ዕድሩን ይዛችሁ ግቡ

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ብዙ የወጣት ቡድን የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ። ልጆች ሰፈሩን ለማልማት ሲነሱ ዕድሩን ይዘሉታል። "የሽማግሌዎች ነገር ነው፣ ለቀብር ነው" ይላሉ። ዕድሩ ግን ሰፈሩ ውስጥ በእውነት የሚሠራ ተቋም ነው። ስም መዝገብ አለው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ የቀረን ይቀጣል፣ ድንኳንና ወንበር አለው። ከሁሉ በላይ ሰው ያምነዋል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ረድተዋል። ከቀብር ውጪ አይሠራም የሚለው ልክ አይደለም።

እናንተም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሰው ሲሞት ሌሊት ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? ወንበር የሚደረድር፣ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ? ወጣቱ ነው። ሆኖም የዕድር አባል አባወራው ወይም እማወራዋ ስለሆነች ወጣቱ ድምፅ የለውም። ጥያቄያችሁ ከዚህ ይነሳ።

ስትሄዱ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ለስብሰባው ቀን አትጠብቁ፣ ሊቀመንበሩን ቀድማችሁ ቤታቸው አግኟቸው። ትልቅ ነገር አትጠይቁ። እንዲህ በሉ፦

"ጋሼ፣ ሰፈራችንን ቤት ለቤት ዞረን መቁጠር አስበናል። ከእርስዎ ሳንነጋገር መጀመር አልፈለግንም። ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አምስት ወንበር ይፍቀዱልን። በቁጥር ተረክበን በቁጥር እንመልሳለን።"

ይቺ የወንበር ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። አሥራ አምስት ወንበር ተረክቦ አሥራ አምስቱንም ጠርጎ የመለሰ ልጅ በሚቀጥለው ወር ድንኳኑን ይፈቀድለታል፣ ከዚያም የመጋዘኑ ቁልፍ ይሰጠዋል። የኛን ሰፈር ልጆች ያየሁት እንዲህ ሲሆን ነው። ቁልፉን የተረከበው ልጅ ያን ሰሞን በሰፈሩ ውስጥ አረማመዱ ሁሉ ተለወጠ።

በምላሹ አንድ አገልግሎት ስጡ። የዕድሩ መዝገብ ብዙ ጊዜ ያረጀ፣ ቡና የፈሰሰበት ደብተር ነው። በንጹሕ ገልብጣችሁ፣ ጸሐፊው እያዩ፣ አንድ ቅጂ በኮምፒውተር አድርጉላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት የወጣት ታዛቢ በየስብሰባው እንዲቀመጥ ጠይቁ። የእናቶች ዕድር ካለ እሱንም ለብቻው አናግሩ። እትዬዎቹ ከተቀበሏችሁ በር ሁሉ ይከፈታል።

4. ቁጠሩ

ሰፈሩን ሁሉም በወሬ ያውቀዋል፤ ተጽፎ ያለ ግን የለም። በመዝገብ አንድ ቤት የተባለው ውስጥ አከራዩ፣ ተከራዩ፣ ደባሉ፣ ቆጥ ላይ የሚያድረው አለ። ለአንድ ቤት ተብሎ የታሰበ ቧንቧና ሽንት ቤት የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ቆጠራን እንደ መሣሪያ የተጠቀሙ ድሆች እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1985 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ውስጥ ከተማው የእግረኛ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለማስነሳት ሲዘጋጅ ስፓርክ የተባለ ድርጅት ከራሳቸው ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ ቆጠራቸው። ከየት መጡ፣ ምን ይሠራሉ፣ ስንት ዓመት ኖሩ የሚለው በወረቀት ሲሰፍር "መንገድ ዘጊዎች" የተባሉት የከተማው ሠራተኞች ሆነው ተገኙ። ናይሮቢ ደግሞ ኪቤራ ያን ያህል ሕዝብ ይዞ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. 13 የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው መንገዱን፣ ክሊኒኩን፣ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን እየዞሩ መዝግበው ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም ሊያየውና ሊያርመው በሚችል የኢንተርኔት ካርታ ላይ ጫኑት። ካርታው እስከ ዛሬ ማንም ይጠቀምበታል።

እንግዲህ የእኛ ሰፈር ችግር ፍርሃት ነው። ደብተር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ሲያዩ "ሊያፈርሱን ነው" ይላሉ፣ በተለይ ጨረቃ ቤት ያለ ሰው። ደባሉን ይደብቃሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት ስላለው አትናቁት። እንዲህ አድርጉ፦

ከመጀመራችሁ በፊት የዕድሩ ለፋፊ ለሰፈሩ ይንገር፤ ማን እንደሚዞር፣ ለምን እንደሚዞር። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ወንድና ሴት። የሰው ስም አትጻፉ፤ ለቤቱ የራሳችሁን ቁጥር ስጡት። የመታወቂያ ቁጥር አትጠይቁ። በርና ፊት ፎቶ አታንሱ። "አልመልስም" ያለን ሰው አመስግናችሁ እለፉ። ደብተሩ ከሰፈሩ አይወጣም፤ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ሕጉ ባይኖርም ግን የጎረቤት ምስጢር መጠበቅ የቆየ ወጋችን ነው።

ጥያቄው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል፣ ስንት ዓመትስ ኖራችሁበት? ስንቱ ከ15 እስከ 29 ነው፣ ምን ይሠራል፣ ምን መሥራት ይችላል? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሽንት ቤቱን ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል፣ መቼ ተመጠጠ? ክረምት ውሃ ቤት ይገባል? በመጨረሻ ደግሞ፦ "በእጃችን ቢሆን መጀመሪያ ምን እናስተካክል?"

"ምን መሥራት ይችላል" የሚለውን አትዝለሉት። ሰው ሰፈሩን ሲቆጥር ጉድለቱን ብቻ ይጽፋል። እኛ ስንጠይቅ ግንበኞች አገኘን፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ባለሙያ አገኘን፣ ሒሳብ የተማረች ሥራ የሌላት ልጅ አገኘን። ሁሉም አጠገባችን ሲኖሩ የነበሩ ናቸው።

የአደጋ ጥያቄም ጨምሩ። ወንዙ ጫፍ ላይ ያለ ቤት፣ ከገደል ሥር ያለ፣ የመብራት ሽቦ ጣሪያውን የሚነካ፣ ያዘመመ ግድግዳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ የቀለሱ ነበሩ። የሚያስፈራውን ቤት በቀይ አክብቡት። ለዚያ ቤት ሰዎችም ውጤቱን ለብቻቸው፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው።

ስልክ ያላችሁ ኮቦ ቱልቦክስን፣ መጠይቅ በስልክ የሚሞላበትን መተግበሪያ፣ መጠቀም ትችላላችሁ። ነፃ ነው፣ ጥያቄውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ያለ ኔትወርክም ይሞላል። እኔ ግን ደብተርና እርሳስን አስቀድማለሁ። ደብተሩን ማንም ገልጦ ያያል፤ ስልኩን ግን የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

5. መልሳችሁ አንብቡላቸው

በቆጠራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰፈሩን ሰብስቡ። ብዙ ሰው መጥቶ ጠይቆ ሄዶ አልተመለሰም፤ እናንተ ተመለሱ። መሬት ላይ በኖራ ወይም በአመድ የሰፈሩን ካርታ ሥሩ። ወንዙን፣ መተላለፊያውን፣ ቦኖውን አስቀምጡ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ማረም ይጀምራሉ፦ "የለም፣ እዚህ ጋ ድሮ ምንጭ ነበር፣ ለዚያ ነው ቤቱ የሚረጥበው።" ያን ሁሉ ጻፉ።

ከዚያ አንድ ነገር ይመረጥ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ባቄላ ስጡ። ቦይ፣ ሽንት ቤት፣ መብራት፣ የልጆች መጫወቻ የሚል ሣህን አስቀምጡ። ሰው ባቄላውን በፈለገው ላይ ይጣል። እጅ አታስወጡ፤ እጅ ሲወጣ ሴቶች ባሎቻቸውን፣ ልጆች አባቶቻቸውን ያያሉ። የሴቶቹን ባቄላ በሌላ ቀለም ብታደርጉት ልዩነቱን ታያላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ያስደነግጣል።

6. የመጀመሪያው ሥራ

የመጀመሪያው ሥራ በአራት ቅዳሜ የሚያልቅ፣ በሰፈሩ መዋጮ የሚሸፈንና ሁሉም ሰው በዓይኑ የሚያየው ይሁን። እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው ቦይ ነው።

ወቅቱን አስቡ። ጥቅምት ላይ ቁጠሩ። ኅዳር 12 ሰዉ ሁሉ ቆሻሻ ጠርጎ የሚያጥንበት ቀን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. በዚያ በኅዳር በሽታ ሕዝብ ካለቀ በኋላ የመጣ ልማድ። ቀኑን ተጠቀሙበት፤ ሰዉ አስቀድሞ መጥረጊያ ይዞ ወጥቷል። ፕላስቲኩን ከማቃጠል ግን ለይታችሁ በማዳበሪያ ሰብስቡት። ከጥር እስከ ሚያዝያ ቆፍሩ፣ ገንቡ። ሰኔ ከገባ ዘግይታችኋል።

ቦይ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሠራል። ከላይ ከጀመራችሁ የእናንተን ጎርፍ የታችኛው ሰፈር ቤት ውስጥ ታስገባላችሁ። ስለዚህ ዶማ ሳታነሱ ወርዳችሁ የታችኞቹን አናግሩ። ኦራንጊዎችም ሥራውን ለሁለት ከፍለውት ነበር። ከቤት እስከ መተላለፊያው ጫፍ ያለውን ነዋሪው ይሠራል፤ ዋናውን ቱቦና ማጣሪያውን መንግሥት ይሠራል። በኋላ ፐርዊን ረሕማን የምትባል አርክቴክት የሰፈሩን ወጣቶች ልኬትና ካርታ ሥራ አስተምራ የፍሳሹን መውረጃ ሁሉ በካርታ አስነሳች። ልጆቹ ያነሱት ካርታ ከባለሥልጣናት ጋር መነጋገሪያ ሆነ። እሷን በ2013 እ.ኤ.አ. በጥይት ገደሏት። ካርታ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከእሷ ተማሩ። የእናንተ ድርሻ የቱ ጋ እንደሚያበቃም ከመጀመሪያው በግልጽ ጻፉ።

ለቁልቁለቱ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውስጡን የሚያሳይ የቱቦ ውሃ ልክ ይበቃል። በመቶ ሜትር አንድ ሜትር መውረድ ጥሩ ነው፤ ለ20 ሜትር ቦይ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ክዳኑ ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን፤ በሲሚንቶ ከተደፈነ ማን ያጸዳዋል? መግቢያው ላይ የብረት ወንፊት አድርጉ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ቦዩ ውስጥ እንዳይገናኝ ተስማሙ፣ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

ጓንትና ቦቲ ሳይኖር ማንም ቦይ አይውረድ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ማንም ልጅ፣ በምንም ምክንያት፣ አይገባም፤ ጋዙ በደቂቃ ይገድላል። መምጠጫ መኪና ስትጠሩ የቱቦውን ርዝመት አስቀድማችሁ ጠይቁ። መተላለፊያችሁ ጠባብ ከሆነ መኪናው ደርሶ ሳይሠራ ይመለሳል፣ ገንዘቡም ይባክናል።

ቋሚ ነገር ከመገንባታችሁ በፊት ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ወረዳው ላይ አጣሩ። ካለ፣ ገንዘባችሁን በሚነቀልና በሚጓዝ ነገር ላይ አውሉ፤ መብራት፣ ወንበር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የሥራ መሣሪያ።

7. ገንዘቡ

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እኛ ያዋጣነው ብር በአንድ ጓደኛችን ስም ተቀመጠ። ሌባ አልነበረም። እናቱ ታመሙ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ከብሩ አወጣ። መመለስ አልቻለም፣ መናገርም አልቻለም። ቡድናችን ተበተነ፤ እሱም ከሰፈሩ ቀረ። ጥፋቱ የሁላችንም ነበር። አንድ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ሸክም አሸክመነዋል።

ስለዚህ ብሩ በማንም የግል ስልክ ቴሌብር ላይ አይቀመጥ። በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ባንክ ይግባ፤ ሁለት ወጣት፣ አንድ የዕድር ሰው። ቡድናችሁ ገና ካልተመዘገበ ዕድሩን ለምኑና በእሱ ሒሳብ በተለየ መዝገብ ይያዝላችሁ። ገንዘብ ያዥና ገዢ አንድ ሰው አይሁን። ለዕቃ ግዢ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ያዙ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰሌዳው ነው። ቦኖው ጋ ወይም ሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ስቀሉ። በየሳምንቱ የገባና የወጣ ይጻፍበት። "አንድ ቢያጆ አሸዋ፣ ይህን ያህል። ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል። የቀረ፣ ይህን ያህል።" ሐሜት የሚሞተው እዚያ ነው። ብር የሌለው ሰው ጉልበቱን ይስጥ፣ ቡና ያፍላ፣ ድንጋይ ያቀብል፤ እሱም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ዋሽንግተንም ዱባይም፣ ፍቅራችሁን እናውቃለን። ግን ቀድማችሁ አትላኩ። ሰፈሩ የራሱን ካዋጣ በኋላ ያዋጣውን ያህል ጨምሩበት። ቀድሞ የመጣ ብር መዋጮውን ያቆመዋል።

8. ወረዳ ስትሄዱ

አሁን ነው ጥያቄ ይዞ የሚኬደው፤ ሠርታችሁ ካሳያችሁ በኋላ። አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ፣ አንድ የዕድር ሰው። የምትይዙት የቆጠራውን ድምር በአንድ ገጽ፣ ካርታውን፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው፣ የሠራችሁትን ፎቶ በፊትና በኋላ። ጥያቄው አንድ ይሁን፤ "ዋናው ቱቦ ጋ የሚያገናኘን 15 ሜትር ቱቦ" ወይም "ለአንድ ቀን መሐንዲስ"። "ሰፈራችን ይልማልን" የሚል ደብዳቤ መልስ የለውም።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥር አስወጡ፣ ቅጂው ላይ ማህተም አስደርጉ። አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላልሰን ኃላፊው ተቀየሩ፤ አዲሱ ስለ እኛ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በጣም አዝነን ነበር። ያተረፈን ያቺ ቁጥርና ማህተም ያለባት ቅጂ ናት። በዚያው ሳምንት ነገሩ ቀጠለ።

9. እንጀራው

በጎ ፈቃድ ሆድ ሲጎድል ያልቃል። ስድስት ወር ነፃ የሠራ ልጅ ሰባተኛው ላይ ሥራ ፍለጋ ቢሄድ አትቀየሙት። ከሰፈሩ ሥራ ውስጥ እንጀራ የሚሆነውን ፈልጉ። ቤት ለቤት ቆሻሻ መሰብሰብ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሚኖሩበት ሥራ ነው። የጋራ ሽንት ቤትና ሻወር ይዞ ማስተዳደር፣ ኮብልስቶን ጥገና፣ ብሎኬት ማምረት፣ የተለየ ፕላስቲክ መሸጥ አለ። ከቆጠራው ያገኛችኋቸው ግንበኞች ጋ ሁለት ሁለት ልጅ ረዳት አድርጋችሁ አስገቡ፤ በአንድ ዓመት ሙያ ይወጣቸዋል።

ብድር ለማግኘት ብቻ አትደራጁ። አብራችሁ አንድ ቦይ ያልቆፈራችሁ ሰዎች አብራችሁ ዕዳ አትፈርሙ።

ገንዘብ ያልሆነ ክፍያም አለ። ናይሮቢ ማታሬ ውስጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ሰፈሩን ያጸዳ የእግር ኳስ ቡድን በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ እንዲጨመርለት አደረገ። ለሰፈሩ ብዙ ለሠሩ ልጆች ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። የእኛ ሰፈሮች የክረምት ዋንጫ የሌለበት የለም። ኳሱን ከቦዩ ጋር ማገናኘት አንድ ስብሰባ ብቻ ነው የሚፈልገው።

10. ቢነሳ፣ ቢፈርስስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም በልቡ ይዞታል። ሰፈሩ ቢነሳ ቦዩ ይቀራል። ቆጠራው ግን በየቤቱ ሰው ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ደባሉም ጭምር እንደነበረ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ምትክና ስለ ካሣ ስትነጋገሩ በባዶ እጅ አትቀርቡም። ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ከመጣ ቆጠራውን አድሱት፣ በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ ዕድሩ ጋ፣ አንዱ እናንተ ጋ። ነዋሪው ተለያይቶ ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ቢሄድ እንኳ ዕድሩን አታፍርሱ። የስልክ ዝርዝሩን ያዙ፣ በወር አንድ ጊዜ ተገናኙ።

ርክክቡን አትርሱ። ተጠሪነት ከሁለት ዓመት አይብለጥ። ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው እያንዳንዱ ተጠሪ አንድ ታናሽ ይያዝ፤ ያ ሲከተላችሁ የነበረው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አሁን አሥራ አምስት ሞልቶታል። ደብተሩን፣ ቁልፉንና የባንክ ደብተሩን በዕድሩ ስብሰባ ላይ፣ በሰዉ ፊት፣ በቁጥር አስረክቡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አብራችሁት ዙሩ፤ በሩን ያንኳኳ እሱ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ።